የቡሄ ዕለት በአባዬ ጓሮ
(በ20ኛ ዓመት የምረቃ መታሰቢያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ አንድ ነገር አስጠንቅቆኛል። «ስላይድ አይፈቀድም፤ ሰው የሚመጣው ለመጫወት ነው» ብሎ። እሺ ብያለሁ። ስለዚህ ስለ ቴኒስ፣ ስለ ድንችና ስለ ዝናብ ልነግራችሁ ነው። ነገሩ የሆነው ደብረ ታቦር በወላጆቼ ቤት፣ ነሐሴ 13 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት ነው። ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ወሬዬ ዞሮ ዞሮ ስለ ወላጆቻችን እርጅና ነው። ትናንት ማታ እራት ላይ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በ10ኛ ዓመታችን ስንገናኝ «ስንት ወለድሽ? ስፔሻሊቲ የት ገባህ?» ነበር የምንባባለው። ዘንድሮ የሁላችንም ጥያቄ «እናትህ እንዴት ናቸው? አባትሽስ በረቱ ወይ?» ሆኗል። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ይመስገን» ተብሎ ወዲያው ወሬ መቀየር ነው። እኔ ዛሬ ወሬውን አልቀይርም።

መጀመሪያ አባቴን ላስተዋውቃችሁ። አባቴ የዚሁ ቤት ልጅ ነው። እንደምታውቁት ተቋማችን በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር፤ ጤና መኮንኖችን፣ የኮሚኒቲ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። የሐኪሞች ትምህርት የተጨመረው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በላይፕሲግ ከሚገኘው ከካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። እኛ ስንገባ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ይባል ነበር፤ ስንወጣ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ነበር። አባቴ ግን የመጀመሪያው ዘመን ሰው ነው፤ ሳኒቴሪያን፣ የ1959 ምሩቅ። ልጅ ሳለሁ ሰዎች «አባትሽ ሥራቸው ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ሽንት ቤት ያስቆፍራል» እል ነበር። እውነቴን ነው። ምንጭ ያጎለብታል፣ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ሥጋ ቤትና ዳቦ ቤት እየዞረ ያያል። በእሱ ምክንያት ደብረ ታቦር ውስጥ ስንት ሥጋ ሻጭ እንደተቀየመን አልነግራችሁም።

በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በሀገራችን ሲጀመር ከተመደቡት ሳኒቴሪያኖች አንዱ እሱ ነበር። ያኔ ወደ ወልድያ የሚወስደው፣ እኛ «የቻይና መንገድ» የምንለው ጎዳና አልተሠራም። ከፋርጣ ተነሥቶ በጉና ሥር አልፎ ጋይንት፣ ከዚያ ስማዳ፣ ከዚያ እስቴ፣ በእግርና በበቅሎ ይዞር ነበር። አንድ ክፍሉ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከጋፋት ወደ መቅደላ ለ6 ወር ገደማ ያስጎተቱበት መንገድ ነው። የያዘው ነገር ቀላል ነው፤ ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ ትንሽ መርፌ፣ ክትባት፣ የታመመ ሕፃን ፊት ያለበት የሥዕል ካርድ። ገበያ መሐል ቆሞ ካርዱን እያሳየ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። በሀገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ሲሆን፣ ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ በ1972 ታወጀ። እዚህ ያለነው ሐኪሞች ሁላችን ተደምረን የአባቴን ትውልድ ሳኒቴሪያኖች ያህል ሕይወት ማዳናችንን እጠራጠራለሁ።

ቴኒሱ የመጣው ከዚያው ዘመቻ ነው። ከኢትዮጵያውያኑ ጋር የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ይሠሩ ነበር። ከአባቴ ጋር ጋይንት ድረስ የዞረ አንድ ወጣት ወደ ሀገሩ ሲመለስ ሁለት የእንጨት ራኬት ትቶለት ሄደ። ደብረ ታቦር ላይ የቴኒስ ሜዳ ከየት ይምጣ? አባቴ ግቢያችን ውስጥ እህል የሚሰጣበትን የድንጋይ ንጣፍ አስተካክሎ፣ በልብስ ማስጫው እንጨትና በአጥሩ መካከል ገመድ ወጥሮ ሜዳ አደረገው። የራኬቱ ክር ሲበጠስ ከጣና አሣ አጥማጆች ናይለን ገዝቶ ይጠግነዋል። ጎረቤቶቻችን ራኬቱን «ወንፊት» ነበር የሚሉት። «ጋሼ ዛሬም በወንፊቱ አየር ሊያበጥሩ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። ከተማው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷ ትፈጥናለች፣ አጥር ትዘላለች። የልጅነት ሥራችን በአብዛኛው ከጎረቤት ጓሮ ኳስ መልቀም ነበር። አራት ነን፤ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ፣ እህቴና ትንሹ ወንድማችን። አራታችንም በዚያ ንጣፍ ላይ ነው ያደግን።

አሁን ወደ ሕመሙ ልምጣ።

ከ2009 ጀምሮ አባዬ ነገር መድገም ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ወሬ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አራት ጊዜ። ቁልፉን ጤፍ ጎታ ውስጥ ማስቀመጥ መጣ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ መመለሻው ጠፋው። አንድ ቦታ ወስደውት «እርጅና ነው፣ ምንም አይደለም» ተብሎ ተመለሰ። ይህችን ቃል ሁላችንም ሰምተናታል። እርጅና ግን ምርመራ አይደለም። የሰማንያ ዓመት አዛውንት ስም ሊጠፋው ይችላል፤ የቤቱ መንገድ ሲጠፋው ግን ምክንያት አለው።

በቤተሰባችን ክርክር ተነሣ። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ «ሐኪሙም መሣሪያውም ያለው እዚህ ነው፣ አምጡልኝ» አለ። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። እህቴ ዋሽንግተን ሆና በስልክ «ገንዘብ እኔ እልካለሁ፣ እናንተ ወስኑ» አለች። ትንሹ ወንድሜ ደብረ ታቦር ነው የሚሠራው፤ እሱ ዝም አለ። እናቴም ዝም አለች። ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩና «አንች ዶክተር ነሽ፣ አንች በይን» አሉኝ። እኔም ሳላይ አልወስንም፣ ለቡሄ ሁላችንም እንገናኝና እዚያው እንነጋገር አልኩ። ቡሄን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዓሉ የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ የከተማችን ስም ነው። የትም ያለ ልጅ ይመጣል።

ዋዜማው ሌሊት በሙሉ ዘነበ። ልጆቹ ችቦ አብርተው ሆያ ሆዬ ሲሉ እንኳ ካፊያው አላባራም። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል እንጂ እኛ አገር ክረምቱ እስከ መስከረም ጫፍ አይለቅም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን ሰማዩ ተከፈተ፤ ጉና ከጉሙ በላይ ብቅ አለ። የጅራፍ ድምፅ ከየሰፈሩ ይሰማል። ልጆች ሙልሙል ይዘው ወጡ። የፍልሰታ ጾም ስለሆነ እናቴ የድንች ወጥ፣ ጎመንና ሽሮ ጥዳለች።

እህቴ ከዋሽንግተን ሦስት የቴኒስ ኳስ በቆርቆሮ ይዛ መጥታ ነበር። ቆርቆሮው ሲከፈት አባዬ አንዷን አንሥቶ አገላብጦ አያትና «ይችን ማን ቀባት?» አለ። ቢጫ ናታ! በእሱ ጊዜ የቴኒስ ኳስ ነጭ ነበር። ሳቅን። ወንድሜ የድሮውን ራኬት ከቆጡ አወረደው። ንጣፉ ዳር ዳሩ ሙጃ በቅሎበታል፣ መሐሉ ግን ደህና ነው። ገመዱን ወጠርን።

ያን ጠዋት ቁርስ መብላቱን ረስቶ ሁለተኛ ቁርስ የጠየቀ ሰው ራኬቱን ሲይዝ ማየት ነበረባችሁ። መዳፉ መያዣውን ራሱ አገኘው። እግሩን ከፈት፣ ጉልበቱን ሰበር አደረገ። ወንድሜ የላካትን ኳስ ዝቅ ብሎ፣ በጀርባ እጁ፣ ልክ ከገመዱ በላይ መለሳት። የ74 ዓመት ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆነው የወንድሜ ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ አባዬ «ፊፍቲን ላቭ!» ብሎ ጮኸ። ቀጣዩን ነጥብ ሲያገኝም «ፊፍቲን ላቭ!»። ሦስተኛውንም እንደዚያው። ልጁ «አባባ፣ አሁን ሠላሳ ነው እኮ፣ አርባ ነው» ብሎ ተከራከረ። አባዬ ደግሞ በጣም በትሕትና «እንዲያ ነው? እሺ» ይላል፤ ኳሷ ስታርፍ ግን «ፊፍቲን ላቭ»። በመጨረሻ ልጁ መቁጠሩን ተወና እሱም አብሮ «ፊፍቲን ላቭ» ማለት ጀመረ። ጨዋታው አልተበላሸም።

እናንተ ሐኪሞች ምን እያየሁ እንደነበር ይገባችኋል። ለእንግዶቻችን ግን ላስረዳ። አንጎላችን ትዝታን የሚያስቀምጠው በአንድ ጎታ አይደለም። የዛሬ ጠዋቱን ነገር የሚመዘግበው ክፍል ሂፖካምፐስ ይባላል፤ በብዛት በሚታየው የመርሳት በሽታ፣ በአልዛይመር፣ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። እጅና እግር በልምድ የተማሩት፣ እንደ መኮትኮት፣ እንደ መፍተል፣ እንደ ቴኒስ ያለው፣ በሌላ ክፍል ስለሚቀመጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ነጥቡን መቁጠር ያቃተው ሰው ኳሷን ይመታል። ይህን በመጽሐፍ ተምሬዋለሁ፣ ተማሪም አስተምሬበታለሁ። በአባቴ እጅ ላይ ሳየው ግን ሌላ ነው።

ከቴኒሱ በኋላ ጓሮ ወረድን። ጓሯችንን የማታውቁ፣ በክረምት አረንጓዴ ባሕር ማለት ነው፤ ድንች፣ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጌሾ፣ በአጥሩ ጥግ ጤና አዳምና ዳማከሴ። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1850 ዓ.ም. ገደማ በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር አማካይነት ነው ይባላል፤ ዛሬ የፋርጣና የጉና ገበሬ ያለ ድንች አይታሰብም። አባዬ ጎንበስ ብሎ ቅጠል እየገለጠ ማየት ጀመረ። የክረምቱ እርጥበት የድንችን ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ ያመጣል፤ እሱም የጠቆረውን ቅጠል እየቀጠፈ በጆንያ ያጠራቅማል፣ ጓሮው ውስጥ አይጥልም። «ይኸ ጉዳኔ ነው፣ ይኸኛው በለጠ ነው» እያለ ዝርያውን ለየልኝ። እኔ ሁለቱንም ባየው አንድ ነው። አብሬው እየኮተኮትኩ ሳለ ቀና ብሎ አየኝና በሟች እህቱ ስም ጠራኝ። «አንች፣ እናታችን ከገበያ አልገባችም?» አለኝ።

አያቴ ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏል። ምን ልበለው? «ትመጣለች» አልኩት። «ዝናብ ሳይመጣ ብትገባ ደግ ነበር» ብሎ ኩትኳቶውን ቀጠለ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ቤተሰቦች ይጠይቁኛል፤ «ሞታለች ብለን እንንገረው ወይስ እንዋሸው?» ይሉኛል። የምመልሰው እንዲህ ነው፦ የሞተን ሰው በየቀኑ ማርዳት እውነትን መጠበቅ አይደለም፤ ለእሱ በየቀኑ አዲስ ሐዘን ነው። ስለ ሰውዬዋ እንዲያወራ ጠይቁት። አባዬም ያን ቀን እናቱ ገበያ ስትሄድ ምን ይዛ እንደምትሄድ ነገረኝ። እኔ ሰምቼው የማላውቀው ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ፤ መጀመሪያ ነጎድጓድ፣ ከዚያ በረዶ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በረዶ ሲወርድ ሰው ሰው አይሰማም። ሁላችንም ቤት ገብተን ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ፣ አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። በረዶው ሲቀንስ ታላቅ ወንድሜ ስለ ፈንጣጣው ዘመቻ ጠየቀው። ታዲያ ጠዋት ያደረገውን የማያውቅ ሰው ከፋርጣ እስከ ስማዳ ያደረባቸውን ሰፈሮች በተራ ቆጠረልን። የትኛው ወንዝ በክረምት እንደማይሻገሩት፣ የትኛው ደብር አለቃ መርፌውን ራሳቸው ቀድመው ተወግተው ሕዝቡን እንዳሳመኑለት። እህቴ በስልኳ ቀዳችው። እናንተም ቅዱ፤ ዛሬ ያለ ድምፅ ነገ ላይኖር ይችላል።

በመሐል ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ ቦታው ባዶ ነው። አባዬ የለም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ውጭው በጉም ታፍኖ አጥሩ አይታይም። አራታችንም በአንድ ጊዜ ተነሣን። ወንድሜ ወደ በር፣ እኔ ወደ ጓሮ ሮጥን። ያገኘሁት ድንቹ መደብ ጫፍ ላይ ነው። ጋቢውን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቅሎ፣ በዶማ ፈሰሱን ይከፍታል። ጎርፉ ከላይኛው ጎረቤት ሞልቶ መጥቶ ድንቹን ሊያሰምጠው ነበር። ውኃው በተከፈተው ቦይ ሲሄድ ቆሞ አየውና «አሁን ይበቃዋል» ብሎ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤት ተመለሰ። እኛ ወጣቶቹ ቡና ስንጠጣ ከሁላችንም ፈሰሱን ያሰበ እሱ ብቻ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ደስ ይላል። ግን ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ውሸት ይሆናል። ልብሱን ቀይረን ከእሳቱ አጠገብ ካስቀመጥነው በኋላ ሻንጣዬን አወጣሁ። ግፊቱን ለካሁ፤ ደህና ነው። ጆሮውን አየሁ፤ ሁለቱም በኩክ ተደፍኗል። ዓይኑን አየሁ፤ ግራው ሞራ ይዞታል። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች አምጡ አልኩ፤ ለእንቅልፍ ተብሎ ከፋርማሲ የተገዛ፣ የሚያደነዝዝ የአለርጂ ክኒን አገኘሁ። ይህ ዓይነት ክኒን የሽማግሌን አእምሮ ያደናግራል። ከዚያ፣ እንዲያው መለኪያው እጄ ላይ ስላለ፣ «እማዬ፣ አንችም ነይ» አልኳት። «እኔ ምን ሆኛለሁ ብለሽ! እሱን ተይና እኔን!» አለች። ለካሁ። 190 በ110።

ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

«እማዬ፣ ራስሽን ያምሻል?» አልኳት። «ትንሽ፤ እንቅልፍ ስለማልተኛ ነው» አለች። ለምን አትተኚም ስላት ቀስ ብሎ ወጣ። አባዬ ሌሊት ተነሥቶ በር ስለሚከፍት፣ የነጠላዋን ጫፍ ከጋቢው ጋር ቋጥራ ነው የምትተኛው። እሱ ሲነሣ እሷም ትነሣለች። ሁለት ዓመት ሙሉ። እናቴ እስከ ዛሬ አባቴን «አንቱ» ነው የምትለው፤ ያን ማታም ወደ እሱ ዞራ «እርስዎን ነው ያሉ፣ እኔን መርመር ጀመሩ» ብላ ሳቀች። እኛ አልሳቅንም። ለካስ ሁላችንም ዓይናችንን አባዬ ላይ ተክለን ስንከራከር፣ ቀድማ ልትወድቅብን የነበረችው እሷ ናት።

ያን ማታ በሻማ ተቀምጠን ወሰንን፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። አባዬ ከቤቱ አይወጣም። ምክንያቱም የቀረው እውቀት ሁሉ ያለው እዚያ ነው፤ በንጣፉ፣ በጓሮው፣ በፈሰሱ። አራተኛ ፎቅ ላይ አባቴ ሕመምተኛ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ግን ከሕመሙ ጋር አሁንም ሳኒቴሪያንና ገበሬ ነው። ነገር ግን እሱ ቤቱ ይቆይ ማለት እናቴ ብቻዋን ትሸከመው ማለት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ እህቴ በምትልከው ገንዘብ ማታ ማታ የሚያድር ሰው ተቀጠረ። ታላቅ ወንድሜና እኔ የዓመት ፈቃዳችንን ከፍለን በየተራ እንድንመጣ፣ ትንሹ ወንድማችን ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍቱ እንዲሆን ተስማማን። እሱን ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። ያን ማታ ነው «ደክሞኛል» ያለው።

ጆሮው ታጠበ። የዓይን ሞራው ጎንደር ተገፈፈ። ክኒኑ ቆመ። የደም ምርመራው፣ ቢ 12ና ታይሮይድ፣ ታየ። የመርሳት በሽታው አልዳነም፤ የሚያድነው መድኃኒት የለም፣ ያኔ የነበሩትም ቢበዛ ምልክቱን ለተወሰነ ጊዜ ያቀልሉ ነበር። ግን ሰው የሚለውን ስለ ሰማ፣ መንገዱን ስለ አየ፣ ብዙ ነገር ቀለለ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ፣ ልንለውጣቸው የምንችላቸው 14 ነገሮች ዘርዝሯል፤ የመስማት ችግር፣ የማየት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ብቸኝነት፣ እንቅስቃሴ ማጣት ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ሁሉም ቢስተካከሉ ከሕሙማኑ 45 በመቶ ገደማ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። ዝርዝሩን ስታዩት አብዛኛው ትልቅ ማሽን አይፈልግም፤ አብዛኛው የጤና ጣቢያ ሥራ ነው።

ሌላው ያደረግነው ነገር መደበቁን መተው ነው። እናቴ ሰው «ጃጀ» እንዳይለው ትደብቀው ነበር። ለእድሩ ነገርን። ለንስሐ አባቱ ነገርን፤ ጠበሉንም አልከለከልንም። መንገድ ዳር ላሉት ሊስትሮዎች ነገርን፤ ከዚያ በኋላ አባዬ ሦስት ጊዜ መንገድ ስቶ ሦስቱንም ጊዜ እጁን ይዘው ያመጡት እነሱ ናቸው። ጫማውንም ጠርገውለት!

ቦታ ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ ምን ማለት እንደሆነ በኋላ በደንብ አየነው። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከተማችን ሲሰማ ሁለቱንም ባሕር ዳር ወሰድናቸው። ሦስት ሳምንት ቆዩ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አባዬ ልብስ መልበስ ጠፋው፣ ሌሊት «ቤቴ ውሰዱኝ» እያለ ያለቅስ ነበር። ሲመለስ የግቢውን በር ራሱ ከፈተ፤ መጀመሪያ የሄደው ወደ ጓሮ ነው። አንዳንዱ የጠፋው ግን አልተመለሰለትም። ስንት የሀገራችን ሽማግሌ በእነዚህ ዓመታት ከቤቱ እንደተፈናቀለ ሳስብ፣ የዚህ ሕመም ዋጋ በየትም መዝገብ እንዳልተጻፈ ይታየኛል።

አባቴ በግንቦት 2015 በገዛ አልጋው ላይ፣ እናቴ አጠገቡ ሆና፣ በሳንባ ምች አረፈ። እናቴ አለች፤ መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ግፊቷ ከ140 በታች ነው። ድንቹን እሷ ታስኮተኩታለች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። የመጨረሻ ዓመታችንን ታስታውሳላችሁ፤ ቲቲፒ ስንወጣ ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ የአካባቢ ጤናውና የላቦራቶሪው ተማሪ አንድ ቤት ተከራይተን፣ አንድ ድስት እየበላን አንድ ወረዳ እንሸፍን ነበር። የአባቴ ዘመን ትምህርትም ይኸው ነው፤ ቡድን። ዛሬ እኛ ከባሕር ዳር እስከ ሚኒሶታ ተበትነናል። ወላጆቻችን ደግሞ ደብረ ታቦር፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ደባርቅ፣ ደሴ ናቸው። መንገዱ እንደ ልብ በማይኬድበት ጊዜ የራሴን እናት ሄጄ ማየት ባልችል፣ ወረታ የሚሠራ ክፍል ጓደኛዬ ሊያያት ይችላል። እኔም እኔ ባለሁበት ከተማ የእሱን አባት ማየት እችላለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በሦስት ወር አንድ ጊዜ ቡና መጠጣት፣ ግፊት መለካት፣ ጆሮና ዓይን ማየት፣ የመድኃኒቱን ከረጢት ገልብጦ ማየት ነው። ስታዩ ደግሞ አስታማሚውን፣ እናትየዋን፣ ታናሽ እህትየዋን፣ ሠራተኛዋን፣ አብራችሁ ለኩ። «አንችስ እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ቅጽ አስቀምጫለሁ። ሦስት ዓምድ ብቻ አለው፦ እናንተ የምትሠሩበት ከተማ፣ ወላጆቻችሁ ያሉበት ከተማ፣ የስልክ ቁጥራችሁ። ከምሳ በፊት ሙሉልኝ። ምሳው ጥሩ ነው ብለውኛል፤ ከበላችሁ በኋላ አላገኛችሁም።

 ላሉት ወላጆቻችን ዕድሜና ጤና፣ ላለፉት ዕረፍተ ነፍስ ይስጥልን።